ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል

ወላይታ ሶዶ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ደገፉ፣

የጌታ ሰላም በየብስም በባሕርም አይለይዎ። እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ «ለወንድሜ ሳሮ፣ ሰላም በይልኝ፤ ያ ሳል ለቀቀው ወይ?» ብላለች። ስልክ ስንደውል ጆሮዎ ስለማይሰማልዎ እንዳዘዙኝ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልካለሁ። ጓደኞቼ «ለአጎትሽ ነው ለፍርድ ቤት?» እያሉ ይስቁብኛል።

ዛሬ የምጽፈው ለትልቅ ጉዳይ ነው። በኬሚካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ቆሜ «የሥራ ልምድ አያስፈልግም» የሚል አንድ ወረቀት አላየሁም። ስለዚህ ሥራውን ራሴ ልፈጥረው ነው፤ አይሳቁብኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ያለውን የእናቴን ምግብ ቤት ያውቁታል። ክረምት ስለሆነ ማገዶው እርጥብ ነው። ጭሱ ዓይኗን አጥፍቶታል፤ ሽንኩርት ሳትከትፍ ታለቅሳለች። መብራቱም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ዘይትና ስኳር የሚያከፋፍለው ጀማለዲን፣ ያ የስልጤ ልጅ፣ የጋዝ ሲሊንደርና ምድጃ አምጥቶ ሱቁ ጥግ ደርድሯል። ማን ይግዛው? ሰው ይፈራል። ትናንት «ኢንጂነር» አለኝ፤ ሲያሾፍብኝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ «አንቺ ሕዝቡን አስተምሪ፣ እኔ ልሽጥ። ወላሂ በዓመት ውስጥ ሶዶ ከሰል ትረሳለች።» እኔም እምቢ አላልኩም። የመመረቂያ ጽሑፌ በተፈጥሮ ጋዝ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከራሳችን መሬት ወጥቶ በቧንቧ ፋብሪካውንም ቤቱንም ያዳርሳል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ሕዝቡ በሲሊንደር ይለማመድ።

ጥያቄዬ ይኸውልዎ። ጋዙ ቢያፈተልክ ወዴት ይሄዳል? የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጠባብ ጓዳ፤ ሲሊንደሩን የት እናድርገው? በሩን መስኮቱን እንዴት እናድርግ? መጽሐፎቼ ስለ እኛ ቤት አይናገሩም። እርስዎ ግን ባሕር መካከል ጋዝ በሚወጣበት ብረት ላይ አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ የጋዝ ሰው ነዎት። የሚነግሩኝን በወረቀት አትሜ ለየቤቱ አድላለሁ። ሥራዎ በትክክል ምን እንደሆነም ይጻፉልኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ በኩራት እንድመልስ።

የእህትዎ ልጅ
ብሩክታይት


ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ብሩክታይት፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። እህቴን ፈጠነችን «ሳሉ ለቆኛል» በያት። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የጋዝ ሰው» ያልሽኝን አብረውኝ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ አጨበጨቡልኝ።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ጋዝ ማለት ነፋስ ነው፤ ከነፋስም ይቀላል። ካመለጠ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ማንም ሰው ሥራ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ይኸው ነው። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ሰፋ ያለ ቀዳዳ አስከፍቺ። ሲሊንደሩን ዝቅ ያለና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፤ ያመለጠው ወደ ላይ በርሮ በቀዳዳው ይሄዳል። በሩን ከሥር በደንብ ድፈኑት። ከሥር የሚገባ ነፋስ እሳቱን ያጠፋና ጋዙን ያለ እሳት ያስፈስሰዋል። ከላይ ክፍት፣ ከታች ድፍን። ይህን ከያዝሽ አትፍሪ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሻል። ሥራዬ ብዙ ዓይነት ነው፣ በደብዳቤ አያልቅም።

ሐምሌ 25 ወደ ባሕር እገባለሁ። ጀልባው ላይ ከመውጣታችን በፊት ስልካችንን ይሰበስቡታል፤ እዚያ ትንሽ ብልጭታ እንኳ አይፈቀድም። አራት ሳምንት ደብዳቤ አላይም። የምትጽፊውን ጻፊ፤ ስወጣ አነበዋለሁ። የወጥ ቤቱን ፎቶ ላኪልኝ።

አጎትሽ
ደገፉ


ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ደገፉ፣

ጌታ በማዕበሉ መካከል እጁን ይዘርጋልዎ። ይህን ሲያነቡ ከባሕር ወጥተው ይሆናል፤ እኔ ግን አሁን ካልጻፍኩ ልቤ አያርፍም።

ሁሉንም እንዳሉኝ አደረግሁ። ጎረቤታችን ግንበኛው ዳልጮ በጣሪያው ሥር ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ በሳ። እናቴ «አሁን ደግሞ ወፍ ልትቀልቢ ነው?» አለችኝ። የበሩን ሥር ጭቃ በጭድ አቡክቶ ደፈነው፤ ስንገባና ስንወጣ እግራችንን እንደ ፈረስ እናነሳለን። ሲሊንደሩን እናቴ «ዓይኔ ሥር አይቀመጥ» ስላለች አሮጌው የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ አወረድነው። ያስታውሱታል፤ ወጥ ቤቱን ስናሰፋ ከግድግዳው ወዲህ የቀረው ነው። ዝቅ ያለና ቀዝቃዛ ነው፣ እርስዎ እንዳሉት። ቱቦው ከጉድጓዱ ወጥቶ ምድጃው ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ያቀጣጠልን ቀን እናቴ ከበሩ ውጭ ቆማ ትጸልይ ነበር። ሰማያዊው እሳት ሲወጣ «ይኼ ደግሞ ጭሱ የት አለ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ሳቀች። እናቴ እሳት ፊት ቆማ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወረቀቱን አሳተምኩት። ርእሱ «ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል» ነው። ከሥሩ «ከላይ ክፍት፣ ከታች ድፍን፤ ሲሊንደሩ ዝቅ ያለ ቦታ» ይላል። ጋዙ ከነወረቀቱ እስከ ዛሬ ከእኛ ሌላ አሥራ አራት ቤት ገባ። አሥራ ሁለቱ እዚሁ ሶዶ ናቸው፤ አንዱ ዱቦ፣ አንዱ ቦምቤ። የቦምቤዋ ህብረት የምትባል አስተማሪ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ የበሯን ሥር በራሷ እጅ ስትደፍን አይቻታለሁ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ድፍረት አይሁንብኝ። ሲሊንደሩ ላይ ፕሮፔንና ቡቴን ተብሎ ተጽፏል። እርስዎ ጋ ከባሕር ሥር የሚወጣው ሜቴን ነው። ለውጥ ያመጣ ይሆን? እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው እንጂ እኔስ ማነኝ።

ደግሞ ትንሽ ነገር። ከሰሞኑ ወጥ ቤቱ ይሸታል። የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስል ነገር። እናቴ «ከግድግዳው ጀርባ የተቀበረው ቆጮ ነው፤ ሊበስል ሲል እንዲህ ነው» ትላለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ ነው፤ ግን አይደለም። ነው ደግሞ። አላውቅም።

ልጅዎ
ብሩክታይት


ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ እንደምን አሉ?

አራት ሳምንት ብለውኝ ነበር፤ አምስተኛው እያለቀ ነው። ቴሌግራሙን በቀን አሥር ጊዜ እከፍታለሁ። ደብዳቤዬ አንድ ምልክት ብቻ እንዳለው ነው፤ አልተከፈተም። ማዕበል ነው? ታመው ነው? እናቴ ትጠይቀኛለች፤ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ።

እርስዎን እየጠበቅሁ ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፌ ብልግና ይሆናል፤ ግን ፈርቻለሁ።

ትናንት እንቁላል የታቀፈችው ዶሯችን ሞተች። ጉድጓዱ ውስጥ ከሲሊንደሩ ጎን ነበር የታቀፈችው፤ ጸጥ ስላለላት። ክንፏን እንደዘረጋች፣ እንቁላሎቹ ላይ እንደተኛች። ደም የለም፣ ቁስል የለም። እናቴ «ፈንግል ነው፤ ክረምት አይደል?» አለችና ቀበረቻት። ግቢው ውስጥ የሚዞሩት ስድስቱ ዶሮዎች ግን ጥሬ እየለቀሙ ነው። ፈንግል አንዷን መርጦ ይገድላል?

ሽንኩርት ለመክተፍ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ የምትቀመጠው የምግብ ቤታችን ሠራተኛ ልጅም ራሷን ያማታል። ቆማ ስትሠራ ይተዋታል። እናቴ «ቁርስ ሳትበይ ነው» ብላ ትቆጣታለች።

ጀማለዲንን ጠየቅሁት። «ኢንጂነር፣ እኔ ዘይት ሻጭ ነኝ። የጋዙን ሰው አጎትሽን ጠይቂ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌላ ማንን እጠይቃለሁ? የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ጊፋታ ደርሷል። እናቴ ቅቤ ማጠራቀም ከጀመረች ቆይታለች፤ በዓሉን ለመዋል ከየከተማው የሚመጣው ሰው ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚበላው፤ ምድጃው ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። አሥራ አራቱም ቤት እንዲሁ ነው። አጎቴ፣ «ትክክል ነሽ፣ አትፍሪ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ይላኩልኝ።

ብሩክታይት


መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብሩክታይት፣

ሰላምታው በኋላ። ምድጃው በርቶ ከሆነ አጥፉት። ማንም ክብሪት አይጫር። አምፖል አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ። ሰው ሁሉ ከወጥ ቤቱ ይውጣ። ሲሊንደሩን ዝጊ። የበሩን ሥር ክፈቱት። ይህን ጨርሰሽ ከቤቱ ርቀሽ ቀሪውን አንብቢ።

ተቀያሪዬ ስላልመጣ ሁለት ሳምንት ጨምረውብን ዛሬ ወጣሁ። ሁለቱንም ደብዳቤሽን ወደቡ ላይ ቆሜ አነበብኩ። ፕሮፔንና ቡቴን ያልሽውን የደህንነት ኃላፊያችንን ጠየቅኋት። ወረቀት ላይ ቤት ሣለች፤ ቀስቱን ወደ ታች አደረገችው። የእናንተ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ወለል ላይ እንደ ውሃ ይተኛል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይሞላዋል። ወደ ላይ የሚወጣው የእኛው ነው፣ ከባሕር ሥር የሚመጣው። ስለ ዶሮዋ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ስንት ቤት?» አለችኝ። አሥራ አራት ስላት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ልጄ፣ እኔ የጋዝ ሰው አይደለሁም። ቀለም ቀቢ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝገት ፍቄ ቀለም ቀባሁ። ጆሮዬንም ያጣሁት ሙቀቱ ሲያስመርረኝ መሸፈኛውን እያወለቅሁ ከሞተሩ ጎን ስቀባ ነው። የመጀመሪያው ቀን የተነገረኝን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዤ አስተማርኩሽ። የበሩን ነገርማ ከራሴ ነው ያመጣሁት። «የጋዝ ሰው» ስትይኝ ደስ አለኝ። «አላውቅም» ብዬ ብጽፍልሽ ምን ነበረበት? ለእህቴ ምን እላታለሁ?

ደህና መሆንሽን ብቻ ንገሪኝ። ስልኩን ከእጄ አላወርደውም።

ደገፉ


ዱቦ
መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

አጎቴ፣

አለን። እናቴም አለች። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰን ትናንት ለምሳ ሰዓት ነው፤ ሰው በሞላበት። እንደ ልማዳችን ለእናቴ ጮክ ብዬ ላነብላት ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። «ምድጃው በርቶ ከሆነ አጥፉት» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን ትቼ ቀና አልኩ። ምድጃው በርቶ ነበር። ሁለቱም ዓይኑ። እናቴ «ምን አለ? ታሟል?» አለች። እጄን ዘርግቼ አጠፋሁት። ከዚያ ስልኬን ይዤ መሆኔ ትዝ ሲለኝ በመስኮት ወደ ግቢው ጭቃ ላይ ወረወርኩት፤ ደግነቱ አልተሰበረም።

ሰው እንዴት ላስወጣ? «ጋዝ» ብዬ ብጮህ በሩ ላይ ይረጋገጣሉ፤ ሲጋራ የያዘም ነበር። «እባብ! ወጥ ቤት እባብ ገብቷል!» አልኩ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሳህኑን አቅፎ «እባቡ ቢነድፈኝ ይሻላል፣ ጥብሴን አልለቅም» አለ። እናቴ በዳቦ መቁረጫው ሰሌዳ ጀርባውን መትታ አስወጣችው። ከነሳህኑ ወጣ።

ሲሊንደሩን መዝጋት ግን የእኔ ነበር። ትንፋሼን ይዤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከክሁ። ምንም አይታይም፤ ሽታው ብቻ። እጄ ቫልቩ ላይ ደርሶ የቱ ወገን መዝጊያ እንደሆነ ጠፋብኝ። ለሰው ሁሉ ያስተማርኩት እኔ! ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ እስኪነክስ። ስወጣ እግሬ ከበሩ ሥር ካለው ጭቃ ጋር ተጋጭቶ ወደቅሁ፤ ዳልጮ በአንገቴ ጎትቶ አወጣኝ። ዶማ ሊያመጣ ሲል «ብረት የለም! ብልጭታ የለም!» ብዬ ጮህኩበት። ጭቃውን በጥፍራችን ፈለጥነው። ከዚያ ጎረቤቶች የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ከበሩ ውጭ ተሰልፈው ወለሉን ወደ ታችኛው ግቢ አራገቡት። አንድ ሰዓት ሙሉ የማይታይ ነገር ስናባርር እብድ መስለናል። እናቴ «ታ ጦሳው! ታ ጦሳው!» እያለች ታራግባለች፤ አምላኳን በቋንቋዋ ስትጠራ መቀለዷን ትታለች ማለት ነው። በኋላ የሳሙና ውሃ ብናፈስበት ቱቦው ከቫልቩ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሲተነፍስ ኖሯል።

አጎቴ፣ ስለ ቀለም ቀቢነትዎ ያሉትን ለእናቴ አላነበብኩላትም። እርስዎን ብቻ መውቀስም አልችልም። የሞለኪውላቸው ክብደት አየር ሃያ ዘጠኝ፣ ሜቴን አሥራ ስድስት፣ ፕሮፔን አርባ አራት፣ ቡቴን ሃምሳ ስምንት። ይህን ሦስተኛ ዓመት ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። እርስዎ ስላሉኝ ዝም አሰኘሁት። ጥያቄ ብዬ ጻፍኩልዎ እንጂ መልሱን አውቀው ነበር።

ጀማለዲን ጋ ሮጥኩ። መጀመሪያ «ወረቀቱ የአንቺ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» አለ። ሚስቱ ሳሊሃ ከውስጥ «ሲሊንደሩስ የማን ነው?» አለችው። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ሰባቱን ቤት እሱ በባጃጅ ያዘ፣ እኔ አምስቱን በእግሬ። በየበሩ ጭቃ በጥፍሬ እየፈለጥኩ «ያልኳችሁ ስህተት ነበር» አልኩ። አንዷ ሴትዮ «መጀመሪያ ድፈኑ፣ አሁን ክፈቱ፤ ነገ ደግሞ በጣሪያ ግቡ ልትይን ነው?» አለችኝ። የፈለገችውን ትበል፤ በሩ ተከፍቷል።

ዛሬ ዱቦ ደረስኩ፤ እዚህም ተከፈተ። አሥራ ሦስት። የቀረችው የቦምቤዋ አስተማሪ ህብረት ናት። ከትናንት ጀምሮ ስልኳ ዝግ ነው። ወረዳው ጋ ብደውል አንድ ጥበቃ አንስቶ «ሰው ካየሁ እነግራለሁ» አለኝ። በዝናቡ መንገዱ ተበላሽቶ ዛሬ የሚሄድ መኪና የለም ተባልኩ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ላይ ነኝ።

የበሯን ሥር ስትደፍን አይቼ «ጎበዝ» ብያት ነበር።

ብሩክታይት


መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

እህቴ በመዳኗ ለጌታ ምስጋና ይሁን። ስለ ቦምቤዋ ልጅ ተንበርክኬ እየጸለይኩ ነው። ስትደርሺ ቤቱ ተዘግቶ ካገኘሽው አትንኪው፤ መጀመሪያ ዙሪያውን እዪ። ኃላፊዋ ያለችኝን ልጻፍልሽ፤ «ጋዙን ከቤቱ ስታስወጣ ወዴት እንደሚወርድ ትመልከት። ከታች እሳት ካለ ራሱ ይዞት ይመለሳል።» ይህን የምልሽ ከራሴ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው።

ለፈጠነች የጻፍኩት ሌላ ወረቀት አብሮ አለ። ምን እንደምሠራ በውስጡ አለ። ምንም ሳትዘዪ አንብቢላት።

ደገፉ


ቦምቤ
መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጠዋት

አጎቴ ደገፉ፣

ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከመኪናው የወረድኩት እየሮጥኩ ነው።

የህብረት በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ከሥሩ የደፈነችው ጭቃ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ባሸት ያው ሽታ ነው። እዚህ ግን ከግድግዳው ጀርባ የተቀበረ ቆጮ የለም። ውስጥ ትኑር አትኑር አላውቅም። ስሟን ጠራሁ። ግድግዳውን በመዳፌ መታሁ። ዝም። እዚያው ቁጭ አልኩ አጎቴ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «እሷማ እናቷ ጋ ገሱባ ሄዳለች፤ ዛሬ ትመለሳለች» አሉኝ። አለቀስኩ። ሽማግሌው «ዘመድሽ ናት?» ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ግን ዛሬ ትመለሳለች ማለት ደጁን ከፍታ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ትጭራለች ማለት ነው።

ጭቃውን ልፈልጠው እጄን ከዘረጋሁ በኋላ የእርስዎ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ዞር ብዬ አየሁ። ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ከታች ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ እንጨት አንድደው ትልቅ ድስት ጥደዋል። ጭሱ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። ጭቃውን ብፈልጠው ኖሮ ጋዙ ቁልቁል ወርዶ እሳቱን ያገኘው ነበር፤ ከዚያ እሳቱ የጋዙን መንገድ ተከትሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ወርጄ ለመንኳቸው። «እማማ፣ እሳቱን ያጥፉልኝ።»

«ለምን ብዬ? ጎመኑ ገና ጥሬ ነው።»

«ከላይ ያለው ቤት ሊነድ ይችላል።»

«ይኼ ቤት? ዝናብ ሲመታው የከረመው? ከየት መጣሽ አንቺ ልጅ?»

«ከሶዶ። ስህተት አስተምሬ ነው።»

አዩኝ። ጥፍሬ የተሰባበረ፣ ቀሚሴ ጭቃ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። የውሃ ጀሪካናቸውን አንስተው እሳቱ ላይ ገለበጡት። «ጎመኔን አንቺ ትበዪልኛለሽ፣ ጥሬውን» አሉ። ፍሙ ውስጡ እስኪጠፋ ሌላ ጀሪካን አመጡ። የአካባቢውን ልጆች ሁሉ ሰብስበው ከዳገቱ በላይ አስቀመጡልኝ።

ከዚያ ብቻዬን ጭቃውን ፈለጥኩ። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲወጣ ሽታው ፊቴን መታኝ፤ እግሬ ሥር የሆነ ነገር የሚያልፍ መሰለኝ። የማየው የለም። ሣሩ እንኳ አልተነቃነቀም። ትንፋሼን ይዤ ወደ ኋላ፣ ትንፋሽ ወስጄ ወደ ፊት፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። ጭቃው ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ወጥቼ ከሴትዮዋ ጋር መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሳት ይዞ የሚያልፍ ሰው ለመመለስ። ሁለት ሲጋራ አስጥለናል። አንዱ ሰውዬ «ቀረጥ ጀመራችሁ?» አለን።

ህብረት ከሰዓት በኋላ መጣች። ጃንጥላ ይዛ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ። ከሩቅ ሮጬ ያዝኳት። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም፤ አስተማሪ አይደለች። ቁልፉን ሰጠችኝና አብረን በሩን ወለል አድርገን ከፈትነው፤ ሲሊንደሩን ዘግተን ወደ ውጭ ጎተትነው። ቱቦው ተሰንጥቋል፤ አይጥ ነክሶታል። ቤቱ ክፍቱን አደረ። እኛ ሴትዮዋ ጋ አደርን፤ ጎመኑንም በላሁ።

ህብረት ግድግዳዋ ላይ ወረቀቴን ለጥፋው ነበር። ዛሬ ጠዋት ነቅላ አመጣችልኝ። «ማነው ‹ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል› ብሎ ያስተማረሽ?» አለችኝ።

አጎቴ፣ ስምዎ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት። እውነትም እኔ ነኝ።

ቀይ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ርእሱን ሰርዤ ከላዩ «የሲሊንደር ጋዝ ወደ ታች ይወርዳል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። የስልክ ቁጥሬንም ጨመርኩ። ሶዶ ስመለስ በሚመጣው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቆሜ በአማርኛም በወላይትኛም አነበዋለሁ፤ እናቴ ፊት። የእርስዎንም ወረቀት በዚያው ቀን ቤት አነብላታለሁ።

አሁን ሲሊንደሩ ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ነው። አዲስ ቱቦ ይዤ ነበር፤ ገጠምነው። የሳሙና ውሃ ሦስት ጊዜ አፈሰስኩበት፤ አረፋ የለም። የበሩ ሥር ክፍት ነው፤ የጠዋት ብርሃን በእሱ ይገባል። ህብረት ግን ክብሪቱን እጄ ላይ አድርጋ «አንቺ አብሪው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አያለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት? ልክ ናት። አሁን መንገዱን ተሻግራለች፤ ሴትዮዋም አብራት ናት፤ ልጆቹም። እኔ ብቻዬን ውስጥ ቆሜ ይህን እየጻፍኩልዎ ነው፤ ክብሪት ከመጫር መጻፍ ስለሚቀል። እንግዲህ በጌታ ስም።

ጫርኩት።

ሰማያዊ ነው አጎቴ። እያጉረመረመ ይነድዳል። መሬቱ ላይ ተቀምጬ እያየሁት ሳለሁ ህብረት ከመንገዱ ማዶ «ብሩክታይት! ሞተሻል ወይስ አለሽ?» ብላ ጮኸች። ሰዎቹ ሳቁ።

«አለሁ!» አልኳት።

የእህትዎ ልጅ
ብሩክታይት